ሻምበሉን የመታው ዘንግ

ያ ኮረብታ ራሰ በራ ነበር። ዛፍ የለው፣ ውሃ የለው። አናቱ ላይ አንድ ጓድ መሽጓል፤ የቀረነው ከሜዳው ወዲህ፣ ወንዙ ዳር ነበርን። መኪና ስለማይወጣው ውሃና ጥይት የሚደርሰው በፈረስ ነው። ልጆቼ «ጦር ሜዳ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ ስለ ታንክ የማወራ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ቶሎ ትዝ የሚለኝ ፈረስና ቅናት ነው።

የቀናሁበት ሰው ቶሎሳ ይባላል፣ የሱሉልታ ልጅ። እኔ የሰበታ ነኝ። ከዓለም ገና ሰበታ ጋሪ እየነዳሁ ስላደግኩ፣ በፈረስ ነገር ከእኔ ወዲያ ላሳር ባይ ነበርኩ። ቶሎሳ መጣና ጉድ አደረገኝ። እሱ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ነፋሱ ራሱ መንገድ የሚለቅለት ይመስል ነበር። ጢሙ እንኳ ከእኔ ጢም ያምራል።

አንድ ቀን ጠዋት ሻምበሉ ሰበሰበን። «ሜዳው በጠላት መትረየስ ሥር ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ላይ ላሉት ውሃ የሚያደርስ አንድ ጋላቢ እመርጣለሁ» አለ። ያንን ግዳጅ ፈለግኩት። መሞት አምሮኝ አይደለም፤ ቶሎሳ እንዳያገኘው ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋላቢውን ለመለየት ጉግስ ገጠምን። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻ ይመክታል። ጋሻችን የጥይት ሣጥን ክዳን ነበር። ሻምበሉም ደሙ ፈላና ገባ። የመሸሽ ተራው ደረሰው።

የቡራዩው መትረየስ ተኳሽ ደረጀ ወረወረ፤ ዘንጉ የራሱ ፈረስ እግር ሥር ወደቀ። እኔ ወረወርኩ፤ የእኔ ዘንግ ከሻምበሉ እጅግ ከመራቁ የተነሳ ከሰበታ ወዲያ ተጂ ገበያ ላይ ሰው ሳይመታ አልቀረም። ጉግስ እንዲህ ነው። ማን ማንን እንደሚፈራ ለማወቅ ዘንጉ የሚያርፍበትን ማየት ይበቃል። ዛሬም ባለሥልጣን ለፎቶ ፈረስ ላይ ሲወጣ፣ የሜዳው ዘንግ ሁሉ ዓይኑ ይጠፋል።

ቶሎሳ ወረወረ። ጧ! የሻምበሉ ጀርባ ላይ። ፈረሶቹ እንኳ መተንፈስ ያቆሙ መሰለኝ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አለ ሻምበሉ።

«ጋሻዎ ወርዶ ነበር፣ ሻምበል።»

ሻምበሉ ጀርባውን እያሸ ትክ ብሎ አየው። «ነገ አንተ ትሄዳለህ። ላይ ያሉት ምን ላይ እንደሆኑ ሳታሳምር ትነግረኛለህ።»

ደረጀ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ይሄ ሹመት ነው ቅጣት?»

«ሹመት ነው እንጂ!» አልኩ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

ጎህ ሲቀድ ወጣ። የሽፋን ተኩስ ከፈትን። የጠላት መትረየስ መለሰ። ቶሎሳ ከፈረሱ ጎን ተለጥፎ ሜዳውን አቋረጠ። ውሃው ደረሰ። ተመለሰ።

«ሁለት ክፉኛ የቆሰሉ አሉ። ጥይት ጨርሰዋል። እስከ ማታ አይቆዩም» አለ።

ጥይት ጫንንለት። እንደገና ሄደ። ደረሰ። ሲመለስ ሜዳው መሃል ላይ ፈረሱን ወደ ኮረብታው አዞረና እጁን አነሳ። ጉግስ ላይ ዙሩ ሲያልቅ ጋላቢ ተፋላሚዎቹን እንዲህ ነው የሚሰናበተው። ልማድ ነው፤ እጅ ከሰው ቀድሞ ይነሳል።

«ንዳ! አትቁም!» አለ ደረጀ።

እዚያው መቱት። ያ እጅ እንዴት ያምር እንደነበር! ጥይቱ እስኪያገኘው ድረስ ስቀና ነበር።

ጓዱ በዚያ ጥይት ኮረብታውን ይዞ ዋለ። ማምሻውን ረዳት ጦር ደረሰልን። ሙታናችንን ቆጠርን። ከላይ ሁለቱ ቁስለኞች፣ ከሜዳው ቶሎሳ። ሦስት።

«ፈረሱስ?» አለ ደረጀ።

አራት አልን።

ባለፈው ጥር ሱሉልታ ሄጄ የቶሎሳን አባት ኦቦ ጉተማን ጉግስ ሜዳ ዳር ተቀምጠው ጋላቢዎች ሲያዩ አገኘኋቸው። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸውና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «ልጄ እዚያ ፈረስ ላይ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

እኔ ዝናብ ቢያካፋ ጎርፍ ወሰደኝ የምል ሰው ነኝ። ያኔ ግን የምጨምርበት አጣሁ።

«ኦቦ፣ አትዋሸኝ ካሉኝ፣ እስከ ዛሬ እቀናበታለሁ።»

ሽማግሌው በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «እኔም ጋላቢ ነበርኩ» አሉ። «እኔም እቀናበት ነበር።»

ከዚያ ሁለታችንም ጋላቢዎቹን አየን።