የይታይሽ ዘር ዓሦች

ይታይሽ ዘር በልታ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ። ባሏን ወለጋ ቀብራ፣ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ስትገባ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው የበቆሎ ዘር ነበራት። እርዳታው ሲዘገይ ቆልታ ለልጇ ለትርሲት አበላቻት። ያን ቀን ገበሬነቴ አበቃ ብላ አለቀሰች።

ስለዚህ ከአሊዩ አምባ በታች ሼህ ሙሄ የሚባሉ ባለመሬት የዓሣ ኩሬያቸውን ለሁለት ዓመት ሲሰጧት፣ ዳግመኛ ላትሳሳት ማለች። ኩሬውን አንድ ፕሮጀክት ቆፍሮ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አምስት መቶ ጫጩት ጨምሮበት፣ እንደ ፕሮጀክት ወግ ፎቶ ተነስቶ ሄዷል። ውሉ አጭር ነበር። ዓሣው ከተዋለደ ይታይሽ እዚያው ትቀጥላለች፤ ካልተዋለደ ሼህ ሙሄ ኩሬውን ደፍነው ማሽላ ይዘሩበታል፣ እናትና ልጅም ወደ መጠለያው ውርጭ ይመለሳሉ።

ዓሦቹ ጉድ እስኪባል አደጉ። ሌላው ለገበያ ሲወጣ አርባዎቹን ትልልቆች ለዘር አስቀረች። ጎረቤት ሳቀባት። እሷ ግን ያደገችው በዚሁ ነው፤ ከምርጡ ይቀመጣል፣ የተቀመጠ አይነካም። ትርሲት ወባ ይዟት እህል እምቢ ስትል ዓሣ ብቻ አማራት።

"ዘር አይበላም፣ ልጄ" አለቻትና ሽሮ አቀረበችላት። ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በበጋ ውኃው ሲጠራ ዓሦቹ የኩሬውን ወለል በአፋቸው እየቆፈሩ ክብ ክብ ጉድጓድ ሲሠሩ አየች። ጎጆ እየቀለሱ ነው ብላ ልቧ ሞቀ። አሥራ ሰባት ቆጠረች። ጉድጓዱ እየበዛ ሄደ፤ ጫጩት ግን የለም። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ዘሥላሴ የሚባል የዓሣ ባለሙያ አስጠራች። አንዱን ዓሣ ሰንጥቆ አየ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ሰነጠቀ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠ።

"እትዬ ይታይሽ፣ እነዚህ ሁሉም ወንድ ናቸው።"

"አርባው ሁሉ?"

"አምስት መቶውም እንደዚያው ነበሩ። ገና እንደተፈለፈሉ በመኖአቸው የወንድ ሆርሞን ተቀላቅሎ ይሰጣቸዋል። አንድ ወር ያህል ከበሉት ሴቷም ወንድ ሆና ታድጋለች። ሴት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትጾም አትወፍርም፤ ወንዱ ቶሎ ይደርሳል። ለሥጋ ተብሎ ነው። አልነገሩዎትም?"

"ቶሎ ያድጋል ነው ያሉኝ።"

አልዋሿትም። የሚያንገበግበውም ይሄ ነው፤ ዘር የሚያስቀምጥ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

"ጉድጓዱስ፣ የኔ ወንድም?"

"የሚቆፍረው ወንዱ ነው። ሴቷ መጥታ እንድትጥልበት ያዘጋጅላታል።"

"ከነዚህ መካከል ሴት ሆና የተፈለፈለች ነበረች?"

ዘሥላሴ አንገቱን ደፋ። "ግማሽ ያህሉ።"

ይታይሽ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ እንኳ አልመጣላትም፤ ተስፋዋ ተሟጦ አልቋል።

ሼህ ሙሄ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እስከ ሰኔ ታገሷት። ለማሽላው ከዚያ በላይ ማቆየት አልቻሉም። ውኃው በተለቀቀ ቀን ጉድጓዶቹ ወለሉ ላይ ተጠርገው ተገኙ፤ አንዲት ጠጠር እንኳ የለባቸውም። ዓሦቹ በመሃላቸው ይንፈራገጣሉ። ትርሲት ሳፋ ይዛ ወረደች።

"እማዬ፣ አሁንማ ይበላሉ አይደል?"

"ብዪ፣ ልጄ" አለች ይታይሽ። "ዘር አልነበሩም።"