የልጄ አንገት

እኔ ቆሻሻ አልወድም። መሥሪያ ቤት ስገባ ጠረጴዛዬን ሳልወለውል ወንበር ላይ የማልቀመጥ ሴት ነኝ። የቡራዩ ጭቃ ጉልበት በሚደርስበት ክረምት እንኳ ልጄን ነጭ ሸሚዝ አልብሼ ነው ትምህርት ቤት የምልከው። ታዲያ የዚህ ልጅ አንገት አናደደኝ። ከኋላ በኩል፣ ከፀጉሩ ሥር እስከ ኮሌታው፣ ጥቁር ነገር ወጣበት። ቅዳሜ ቅዳሜ አጎንብሶ ይቆምልኛል፣ እኔ በሳሙናና በሸካራ ፎጣ እፈትገዋለሁ። "ይሄ አንገት ነው የድስት ቂጥ?" እለዋለሁ። "አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶህ አንገት መታጠብ ያቅትሃል? ሰው ምን ይለኛል!" እሱ "እሺ እማ" ይላል። ውፍረቱን ግን እንደ ችግር አላየሁትም። ሕፃን ሳለ ኪሎው አልሞላም ተብሎ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ያንከራተተኝ ልጅ ነው፤ ሲወፍር እልል ነው ያልኩት።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን መዘነ፤ ልጄም ወላጁ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው የሚል ወረቀት ይዞልኝ መጣ። እኔን ምን አሳሰበኝ? አንገቱ! ነርሷ አይታ "ይቺ ምን ዓይነት ዝርክርክ እናት ናት" እንዳትለኝ፣ ከመሄዳችን በፊት ቆዳው እስኪላጥ ፈተግሁት። ጥርሱን ነክሶ ቻለው። አንድም ጊዜ አመመኝ አላለም።

ነርሷ ገና ወጣት ናት። ኮሌታውን ገለጥ አድርጋ ቁስሉን አየችና "ምን ሆኖ ነው?" አለች።

"ሲታጠብ ነው፣ ሲስተር። ራሱ ፈትጎት ነው" አልኩ። ልጄ አላጋለጠኝም።

"እናት፣ ይሄ እኮ እድፍ አይደለም" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በሳሙና አይለቅም። ሰውነቱ ስኳሩን መቆጣጠር ስላቃተው ከልክ በላይ ኢንሱሊን እያመረተ ነው። ቆዳው የጠቆረው ለዚያ ነው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንት ቅዳሜ!

በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዱ ወስጄው ደም ሰጠ። የስኳር በሽታ ገና አልያዘውም፣ ግን ስኳሩ ከጤነኛው ልክ አልፏል ተባልን። ነርሷ ሦስት ወር ሰጠችን። በእግሩ ይሂድ፣ ለስላሳና ጣፋጭ ይቅርበት፣ ዳቦና ፓስታ ይቀነስለት አለች። "ክብደቱ ሲቀንስ አንገቱም ቀስ እያለ ሊለቅ ይችላል።" ልጄ ከዚህ ሁሉ የያዘው የመጨረሻዋን ነበር።

አቤት ያ ሦስት ወር! እሁድ እሁድ በማለዳ ወደ ገፈርሳ በእግር እንወጣ ጀመር። ኦቦ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ እርሻቸውን ሊያዩ የሚወጡ ሽማግሌ፣ "አካም ቡልተን?" ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደራችሁ ይሉንና ስናለከልክ አይተው "ማን አባረራችሁ?" እያሉ ይስቁብናል። ልጄም ይስቃል። ለስላሳ ተወ። እኔም እሱን ብዬ ሻይ ያለ ስኳር ጀመርኩ፣ ራሴን ሲፈልጠኝ ሰነበተ። መሐል ላይ ሰበታ እህቴ ቤት ክርስትና ተጠራን። እህቴ ጉርሻዋን ጠቅልላ "በሞቴ!" ስትለው "በቃኝ አክስቴ" አላት። ጎትታ ማድ ቤት አስገባችኝ። "ልጁን ምን አስነካሽው? ከስቷል እኮ! በሽታ አለበት እንዴ?" ምን ልበላት? ስኳር ብላት ዘመድ አዝማድ ሁሉ በማግስቱ ይሰማል። "ኧረ ደህና ነው" አልኩና ሳህኑን ራሴ ሞልቼ አቀረብኩለት። ዓይን ዓይኔን እያየ በላ።

ቅዳሜ ሲመጣ ግን መፈተጉ ቀርቶ ማየት ሆነ። ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ይሰጠኛል። ሰው የራሱን ማጅራት አያይም፤ ያለው የእኔ ዓይን ነው። "እማ፣ ነጣ?" ይለኛል።

አልነጣም ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ "ትንሽ" አልኩት። ፊቱ ሲፈካ! በሚቀጥለው "እየለቀቀ ነው" አልኩት። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ ያ ሁሉ የሚወደው ምግብ ቀርቶበት፣ "ያው ነው" ልበለው? አንጀቴ አልቻለም። በሁለተኛው ወር "ነጥቷል" አልኩት፣ በሙሉ አፌ። ደስ ብሎት ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ሲመለስ ከንፈሩ ላይ የቦምቦሊኖ ስኳር ነበር። ነጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ፣ በምን አፌ ልቆጣው? ከዚያ በኋላ እሁድ ጠዋት "እማ፣ ዛሬ ይቅር፣ ደህና ነኝ እኮ" ማለት አመጣ። እኔም ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር እሺ እለዋለሁ።

ቀናችን ደርሶ ተመለስን። ውጤቱን ይዛ የመጣችው ያቺው ነርስ ናት። "ጨምሯል" አለች። "ሌላ ቀን ደግመን እናረጋግጣለን፤ ግን ይሄ የስኳር በሽታ ልክ ነው።"

"አይሆንም፣ ሲስተር" አላት ልጄ፣ በትሕትና። "አንገቴ ነጥቷል እኮ።"

ኮሌታውን ገለጠች። "አልነጣም" አለችው። "እንዲያውም ወደ ጎን ሰፍቷል።"

ወደ እኔ ዞረ። ቢጮኽብኝ በስንት ጣዕሙ! አልጮኸም። "ነጥቷል ብለሽኝ አልነበር?" አለኝ ብቻ።

 

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አጠገቡ ነው የተቀመጥኩት፣ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። እሱ ግን ለነርሷ ሰጣት። "ሲስተር፣ ፎቶ ያንሱልኝ።" አነሳችለት። በጣቱ እያሰፋ ብዙ ጊዜ አየው። አልደበቀኝም፣ አላሳየኝምም።

ነርሷ ቀጠሮውን ስትጽፍ ቀና ብላ እኔን ጠየቀችኝ። "ማክሰኞ ጠዋት ይመቻችኋል?"

"ይመቸኛል" አለ እሱ። "ብቻዬን ነው የምመጣው።"