የአባቴ ዜማና የእኔ እሺ

አባቴ በክራር የሚመቱት አንድ ዜማ አለ። ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳየው ደነገጥሁ፤ ለካ ዜማው ከእሳቸው ጋር ሊቀበር ነው! ልጄ ጻባ ገብታ፣ ወታደር ሆና ካኪ ስትለብስ ጥላው የሄደችው ጊታር ቤት ነበር። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ዜማውን በሱ እይዘዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ችግሩ አባቴ ሰው አይነቅፉም። በልጅነቴ ጆሮዬ የያዘውን እያንጎራጎርሁ "እንዲህ ነው አባባ?" ስላቸው "ጥሩ ነው ልጄ" ይላሉ። ሆን ብዬ ባጣምመውም "ጥሩ ነው" ነው። እስራኤል መጥተው ረሆቮት ከገቡ ጀምሮ ለጸሐፊውም ለሐኪሙም በዕብራይስጥ "ቤሰደር"፣ እሺ፣ እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሄርዝል ጎዳና ላይ፣ ከአንድ መነጽር ቤት በላይ፣ ከሩሲያ የመጡ ሽማግሌ አስተማሪ አገኘሁ። ያለ መምቻ፣ በጣት ብቻ ነው የሚያስተምሩት። የመጀመሪያው ቀን ሲመቱ ሰምቼ አፌን ይዤ ቀረሁ። አውራ ጣታቸው ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ ከታች ሳያቋርጥ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ይዘፍናሉ። የተደበቀ ሁለተኛ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ፤ እውነቴን ነው።

ግን አቤት ቁጣቸው! ሁለት ወር ሙሉ አውራ ጣቴን ብቻ አሠሩኝ። አንዴ ከሳትሁ ከመጀመሪያው። ከዚያ ደግሞ "በቀለበት ጣትሽ!" ይሉኛል። "እሺ" እላለሁ። የእኔን የቀለበት ጣት በልጅነቴ የአውቶቡስ በር ቀጥቅጦት አይታጠፍም። ይህን እንዴት ብዬ ለመምህር ልንገር? እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ ነው እንጂ አልችልም የሚባል ነገር የለም። በመካከለኛው ጣቴ እያጭበረበርሁ፣ እሳቸው "ሰነፍ!" እያሉ፣ እኔ እሺ እያልሁ ስምንት ወር ሄደ።

ተናድጄ ተውሁት። ሻዓራይም ሰፈር የሚያስተምር አንድ ወጣት የመናዊ "ያላ፣ እንደመጣልሽ ምቺው!" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሁለት ጣት መታሁት በሦስት ግድ የለውም፤ ሳቅ ነው፣ ጨዋታ ነው። ጊታርን ያስወደደኝ እሱ ነው፣ አልክድም። የአባቴን ዜማ ስሞክር ግን አውራ ጣቴ ከዜማው ጋር እየተጎተተ ይቆምብኛል። እሱ ደግሞ "ቆንጆ ነው" ይለኛል። ወይ ጉዴ፣ ሌላ አባባ አገኘሁ አልሁ።

ወደ ሽማግሌው ተመለስሁ። እጄን ዘረጋሁላቸው። "ይህ ጣት አይታጠፍም" አልኋቸው። ይዘው ነካክተው አዩት።

"ስምንት ወር ሙሉ ቤሰደር እያልሽ ለምን ዋሸሽኝ? የማላውቀውን ጣት እንዴት ላስተምር?"

እርሳስ አነሡና የልምምድ ወረቀቶቼን በሙሉ አንድ በአንድ፣ ያለዚያ ጣት እንዲመቱ አድርገው ይለውጧቸው ጀመር። እኒያ አንዲት ስሕተት የማያሳልፉ ሰውዬ! የሚቀጥለው ተማሪ በሩን ሲያንኳኳ እንኳ ቀና አላሉም። አፈርሁ፣ ገረመኝም። አውራ ጣቴ ላይ ግን ምሕረት አላሳዩኝም፤ እንደ ድሮው ከመጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው።

ዜማው እጄ ሲገባ አባቴ ፊት ተቀመጥሁ።

"አባባ፣ ዛሬ ልጅዎ አይደለሁም፣ ተማሪዎ ነኝ። ጥሩ ነው ብለው ካለፉኝ ዜማው ተበላሽቶ ይቀራል። ይቆጡኝ።"

ጊታሩን ታቀፍሁ። መታሁ። አውራ ጣቴ ሳይቆም ሄደ፣ ዜማው ከላይ ወጣ። ይህ የእኔ እጅ ነው ወይ? ጨርሼ ቀና ስል የአባቴ ዓይን እንባ ሞልቷል። "ጥሩ ነው" ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"አይደለም" አሉ።

በዕድሜዬ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ምቱን መታ መታ አደረጉልኝ።

"መካከሉ ላይ ቸኮልሽ። ከመጀመሪያው!"

"እሺ" አልሁና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።