ወንድሜ ውሃ ሊቀዳ የወጣበት ዜማ

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ እኔ የሞቱ ኮምፒውተሮችን ዘፈን እሰበስባለሁ። ሚዲ ይባላሉ። ድሮ የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋቾች በፍሎፒ ዲስክ ይዘዋቸው የሚዞሩ፣ በኋላም ሞባይል ቤቶች ለስልክ ጥሪ የሚጭኗቸው ፋይሎች ናቸው። ቆራሌው ከሰበሰበው ዕቃ መሃል ፍሎፒ ካየሁ ሥራ ቢረፍድብኝም ሳልከራከር አላልፍም። ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው ደግሞ ማርፈድ ቀልድ አይደለም፤ የታክሲው ሰልፍ ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

እነዚህ ፋይሎች ውስጥ ድምፅ የለም። የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ፣ ጣት ምን ያህል እንደተጫነው ብቻ ነው ያለው። ድምፁን የሚያወጣው የሚያጫውተው ማሽን ነው። ይህን ሳስረዳ «ታዲያ ምኑን ነው የምትሰበስቢው?» ይሉኛል። ጣቶቹን ነዋ!

የታላቅ ወንድሜ ጣቶች አንዱ ፋይል ውስጥ ነበሩ። ኪቦርዱን ከአሮጌው ኮምፒውተራችን ጋር አያይዞ፣ ራሱ የደረሰውን ዜማ እየቀረጸ ሳለ እማዬ ከግቢው «ውሃ መጣ!» ብላ ተጣራች። እኛ ፎቅ ላይ ውሃ አይወጣም፤ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ይዞ ወደ ግቢው ቧንቧ መሮጥ ነው። ቀረጻውን ሳያቆም ወረደ። ጀሪካኖቹን ሞልቶ፣ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ካቆመበት ቀጠለ። ሲመለስ የነካቸው የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ደከም ያሉ ናቸው፤ ክንዱ ዝሎ ነበር። «ባዶውን በኋላ እቆርጠዋለሁ» አለ። ሳይቆርጠው ቃሊቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለው።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ «ልጄን ክፈቺልኝ» ትለኛለች። ዜማው ይጀምራል፤ መሃል ላይ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ሁለታችንም በሩን እናያለን። አንዳንዴ ደረጃው ላይ ኮቴ እሰማለሁ። የጎረቤት ኮቴ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ጸጉሬ ይቆማል። ከዚያ እነዚያ ደካማ ኖታዎች ይመጣሉ፤ እማዬም ቀስ ብላ «ገባ» ትላለች። እፈራ ነበር። ባልሰማው ደግሞ ይብስብኝ ነበር።

ፋይሉን ለአደራ ብዬ እንደኔ ሚዲ የሚሰበስቡ ሰዎች ላሉበት የቴሌግራም ቡድናችን ልኬው ነበር። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬን አቃጠለው። አልደነገጥኩም፤ አደራው ሰው ጋ ነው። ስጠይቅ፣ ቡድኑን የሚመሩት፣ በወጣትነታቸው ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወቱ የነበሩ ሽማግሌ ወዲያው ላኩልኝ። ኮምፒውተር ተውሼ፣ እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩት። ዜማው ጀመረ፤ አንዴም ዝም ሳይል አለቀ።

እማዬ በሩን እያየች ነበር። «ዛሬ አልወጣም እንዴ?» አለችኝ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ስልክ በእጄ ነበር። «ጋሼ፣ ማን ቁረጡ አለዎት?» ብዬ ጻፍኩ። ሌላም ጨመርኩ፣ ለአባት የማይባል። እሳቸው ግን ለበጎ ብለው ነው። የቡድናችን ወግ ነው፤ የመጣ ፋይል ይጸዳል፣ ባዶው ይቆረጣል፣ የዘገየው ኖታ ይስተካከላል፣ ከዚያ አሮጌው ከቡድኑም ይሰረዛል። ፍሎፒ ላይ ቦታ ከማይበቃበት ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ የአደራ ፋይልም ይነካል ብዬ ግን አላሰብኩም። አባላቱን አንድ በአንድ ብጠይቅ ሁሉም የያዘው የጸዳውን ነው። ባዶው ምን እንደነበር ስነግራቸው ሽማግሌው መለሱልኝ። «ይቅር በይኝ ልጄ። አላወቅኩም። ዝምታው ምን ያህል ነበር? መልሼ ላስገባልሽ።»

ምን ያህል ነበር? ዜማውን በቃሌ አንጎራጉረዋለሁ፤ ለዝምታው ግን ሰዓት ይዤለት አላውቅም። እማዬን ጠየቅኳት። «ውሃው ሲመጣ አሳይሻለሁ» አለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። እኔ ልውረድ ብላት «አንቺ እዚያው ሁኚ፤ የማውቀው እኔ ነኝ» ብላ ጀሪካኗን ይዛ ወረደች። እንደዚያን ዕለት «ውሃ መጣ!» ብላ ወደ ላይ ስትጣራ ቀረጻውን አስጀመርኩ፤ ምንም ቁልፍ ሳልነካ። ተመልሳ ስትገባ ላቆመው ነው። ቤቱ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ፋን በቀር የሚሰማ የለም። ቆየች። ሰው ጀሪካን ሞልቶ ከሚወጣበት ጊዜ በላይ ቆየች። ወድቃ ይሆን ብዬ ደንግጬ ወደ በረንዳው ሮጥኩ።

አልወደቀችም። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ ይፈሳል። ዕቃ የታጠበበትን ውሃ እንኳ የማትደፋ ሴት፣ እጇን ቧንቧው ላይ ጭና ቆማለች፤ አልዘጋችውም። ከኋላዋ የተሰለፉት ጎረቤቶች ተራቸውን እየጠበቁ ያይዋታል።

«እማዬ፣ ሞልቷል እኮ» አልኳት።

«ቆዪ» አለች ቀና ሳትል። «ገና ውጭ ነው።»

ተመልሼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ቀረጻው እየሄደ ነው፤ እኔም አላቆምኩትም።