አጫሹ ቡችላ

አክስቴ ሥራዋ እንጨት ማለስለስ ነው። አናጺዎቹ ቁም ሳጥኑን ወይም አልጋውን ገጥመው ሲጨርሱ፣ እሷ ብርጭቆ ወረቀቷን ትይዝና እጅ ሲያልፍበት ምንም እስከማይሰማው ድረስ ትፈትጋለች። ከዚያ በኋላ ነው ቫርኒሽ የሚቀባው። እናቴ «እህቴ የያዘችውን ከምትለቅ ጣቷ ቢቆረጥ ይሻላታል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። አብራን ስለምትኖር እኔም አውቃታለሁ። የተጣበቀ የጠርሙስ ክዳን እንኳ ለሌላ ሰው አሳልፋ አትሰጥም።

የወርክሾፑ አለቃ ከአባቱ የወረሰ ወጣት ነው። አንድ ቀን ዕቃ ሊያደርስ ከሄደበት ግቢ ቡኒ ቡችላ በካርቶን ይዞ መጣ። እዚያ ግቢ የውሻው ብዛት ለጉድ ነው አለ። ሲያድግ ጣውላችንን ይጠብቃል ብሎ አንገቱን በገመድ አስሮ በሩ ጋ አኖረው። ብዙም ሳይቆይ ቡችላው መሳል ጀመረ። ሳሉ ደግሞ እሱን የምታህል ትንሽ ነገር የምትስለው ሳል አይደለም። ደረቅ ነው፣ አጥንት ያነቀው ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ሊያስመልሰው ይልና ትንሽ ነጭ አረፋ ብቻ ይተፋል።

አናጺዎቹ «አጫሹ» ብለው ስም አወጡለት። ሲስል «ኧረ ሲጋራውን ቀንስ» ይሉታል። ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌው አናጺ አጥንት ነው ብለው ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው ፈለጉ፤ ያገኙት ንክሻ ብቻ ነው። አለቃው መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን ደንበኛ ፊት እየሳለ አሳፈረኝ ማለት አመጣ።

«ሌባ ሲመጣ ስሎ ነው የሚያባርረው?» አለ አንድ ቀን። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለው ከከተማ አውጥቼ እጥለዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አክስቴ ብርጭቆ ወረቀቷን አስቀመጠችና እኔ አሳክመዋለሁ አለች።

አክስቴ ውሻ ወዳድ ሆና አይደለም። መንገድ ላይ ውሻ ስታይ ማዶ የምትሻገር ሴት ናት። ቡችላው ግን በመጣ ሰሞን ገመዱ ሲፈታለት ሄዶ ጫማዋ ላይ ተኝቶባት ነበር። እንዳይነቃ ብላ እግሯን ሳታንቀሳቅስ አንድ ሙሉ የቁም ሳጥን በር አለስልሳ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ሽርጧን አጥፋ አጠገቧ ታነጥፍለት ጀመር። ከዚያ ሽርጥ ሌላ ቦታ አልተኛም አለ።

አንዲት የእንስሳት ሐኪም ጋ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች፣ ጉሮሮውን በሁለት ጣት ጫን ስታደርገው ወዲያው ሳለ። ሳንባው ደህና ነው፣ የታመመው የአየር ቧንቧው ነው፣ ብዙ ውሾች ካሉበት ይዞት የመጣው በሽታ ነው አለችን። ኪኒን ሰጠችው። ሳሉ ቢጠፋም ኪኒኑ ሳያልቅ እንዳታቋርጡ፣ አንገቱ ላይ ገመድ እንዳታስሩ፣ ሌላ ውሻ አጠገብ እንዳታደርሱት አለች። መብላት ካቆመ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቶሎ አምጡት አለች። በመጨረሻ አቧራ ያለበት ቦታ ነው ወይ የሚውለው ብላ ጠየቀች።

አክስቴ ኧረ የለም አለች። መስኮቶቻችን እኮ ዝግ ናቸው።

ዋሽታ አይደለም። እዚያ ወርክሾፕ ነፋስ ማለት ጠላት ነው። እርጥብ ቫርኒሽ ላይ የመንገድ አቧራ ካረፈበት ሥራው ሁሉ እንደገና ነው። ስለዚህ ከአባትየው ጊዜ ጀምሮ መስኮቱ በጣውላ ተመትቷል። እዚያ የሚሠራ ሰው አቧራ ሲባል የሚያስበው ከውጭ የሚመጣውን ነው።

ኪኒኑን ማዋጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ጉበት ውስጥ ስትደብቅለት ጉበቱን በልቶ ኪኒኑን አጥቦ ያስቀምጥላታል። በኋላ አፉን ከፍታ ምላሱ ሥር ድረስ እየከተተች፣ አፉን ይዛ ጉሮሮውን ማሻሸት ለመደች። ለገመዱም ሶፋ ሥር ከሚወጠረው ሰፊ ማሰሪያ ቆርጣ በደረቱ የሚታሰር ሰፋችለት። ሳሉ ቀነሰ። ደስ አለን። ከዚያ ተመልሶ ጀመረው። ወሩም እያለቀ ነበር።

ወርክሾፑ ዝግ በሆነበት እሁድ ቤት አመጣችው። እናቴ ፊቷን አጨማደደች፣ ግን አስገባችው። ቀኑን ሙሉ ጆሯችንን አቁመን ዋልን፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለም። ሰኞ ጠዋት አብሬያቸው ሄድኩ። አክስቴ ሽርጧን ከምስማሩ አወረደችና እንደ ልማዷ አራገፈችው። ቡችላው እዚያው ሳለ። ሽርጡን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። ከጣሪያው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ገብቶ ነበር፣ ጨረሩ ውስጥ የእንጨቱ ብናኝ እንደ ዱቄት ይጨሳል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም አይደል የሚባለው፤ ስንት ዓመት የሠራችበት ቤት ነው።

«እኔ ነኝ የማሳስለው» አለችኝ ቀስ ብላ። ሽርጡን ጠቅልላ ወደ አለቃው ሄደች።

ከዛሬ ጀምሮ የማለሰልሰው ውጭ ነው አለችው፣ ግቢው ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር። እሱ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቫርኒሹ ብዙ አወራ። ቫርኒሹ እዚሁ ዝግ ቤት ይቅር፣ የምወጣው እኔ ነኝ አለች።

«ለውሻ ብለሽ?»

«ለውሻ ብዬ። ምነው ልጄ?»

«ልጄ» የምትለው ስትናደድ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። እንደፈለግሽ፣ የወሩ መጨረሻ ግን የወሩ መጨረሻ ነው አላት።

ጠረጴዛዋን ራሷ ጎትታ አወጣችው። አናጺዎቹ ቢሮ ቀየረች፣ አየር ወዳድ ሆነች እያሉ አሾፉባት። ቡችላውን ነፋሱ ብናኙን በማያደርስበት በግቢው ሌላ ጥግ አስቀመጠችው። ሽርጡን ቀምታ ንጹሕ ብርድ ልብስ ብትሰጠው ተቀይሟት ጀርባውን ሰጥቷት ይተኛ ነበር። ብትፈልግም አላቀፈችውም። መጀመሪያ እጇንና ፊቷን ትታጠባለች፣ ልብሷን ትቀይራለች፣ ከዚያ ነው የምትነካው። ሐኪሟ ጋም ተመልሳ እውነቱን ነገረቻት። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ቧንቧው ስለቆሰለ ጊዜ ይፈልጋል፣ በርቺ አለቻት።

የወሩ መጨረሻ ላይ አለቃው መጣ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ስቦ ቡችላው ፊት ለፊት ተቀመጠና መጠበቅ ጀመረ። አናጺዎቹ መዶሻቸውን አቁመው በር ላይ ተሰበሰቡ። አክስቴ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣ እጇ ግን ደረቅ ነበር። ቡችላው ተነሳ፣ ተንጠራራ፣ የአለቃውን የጫማ ማሰሪያ ይዞ ይጎትት ጀመር። ሮጠ፣ ወደቀ፣ ጮኸ። ሳል የለም።

ያኔ በሩ ላይ አንድ ሰው ሳለ። ረጅም፣ ደረቅ ሳል። ሁሉም ዞረ። ሽማግሌው አናጺ ናቸው፤ ደረታቸውን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳሉ።

አለቃው ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። «ቡችላው እዚሁ ይኑር። እሳቸውንስ ማን ያሳክማቸዋል?»

አክስቴ አልሳቀችም። «ነገ እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለች።

ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ ያችው የውሻ ሐኪም ጋ እንዳትወስጂኝ ብቻ አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«የሰው ሐኪም ጋ ነው ጋሼ» አለች። «አሁን ግን ጠረጴዛዎን በዚያ በኩል ይያዙልኝ፣ እኔ በዚህ እይዛለሁ፤ እርስዎም ይውጡ።»