የአሥራ ሁለት ዓመቱ ሙሽራ

ባልየው የሳሙና ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ነበር። ሲሞት እውነተኛ ዕድሜው ስድሳ አራት ነው፤ በፋብሪካው ወረቀት ግን ሃምሳ ሁለት። ምን ይደረግ፣ ሞት ፋይል አያገላብጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ቧንቧ ፈንድቶ የሠራተኛው ፋይል ሁሉ ራሰና፣ እንደ አዲስ ፎርም ይሞላ ተባለ። የሰው ኃይል ኃላፊው "የልደት ቀናችሁን እናንተው ጻፉት፤ እኔ አላዋለድኳችሁ" አለ። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! በአንድ ሳምንት ፋብሪካው በሙሉ ጎረመሰ። ጉልበቱን ይዞ ደረጃ የሚወጣው ሽማግሌ ሁሉ የጡረታ ቀኑን ገፍቶ ገፍቶ ማዶ አደረሰው። ኃላፊው ራሱ፣ ሦስት የልጅ ልጅ ያየው ሰውዬ፣ የታናሽ ወንድሙ ታናሽ ሆነ። ባልየውም አሥራ ሁለት ዓመት ፍቆ መጣ፤ ጸጉሩንም ቀለም ይቀባ ጀመር። ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። የሰው ደም የምታስለቅቅ ሴት የባሏን ቀለም ከትራስ ጨርቅ ማስለቀቅ አቃታት። "ጎረምሳው" ትለው ነበር፤ እሱ ሙገሳ ይመስለዋል።

እና ጎረምሳው አንድ ቀን ቦይለሩ ሥር ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።

ከወር በኋላ ሚስትየዋ የጋብቻ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ጡረታ ቢሮ ሄደች። የቀራት ተስፋ የሟች ሚስት የሚገባት አበል ብቻ ነው፤ ትንሿ ልጇ ገና ትምህርት ላይ ናት፣ የእሷም ወገብ ከማጠቢያው ገንዳ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ፋይሉን አየች፣ እሷን አየች።

"እትዬ፣ ሲያገቡት ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ሃያ አራት።"

"እዚህ አሥራ ሁለት ነው የሚለው። ጡት አስጥለው ነው ያገቡት?"

ሰልፉ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ሁለቱ ወረቀት እስኪስማማ አበል የለም ተባለች።

ወደ ፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ሄደች። በቀብሩ ላይ ከእሷ በላይ ያለቀሰ ሰው ነው። አሁን በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ምን አስጨነቀሽ እቴ! የማውቀው ሰው አለ። የጋብቻ ወረቀቱን በአዲስ እናሠራዋለን፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የተጋባችሁ እናደርገዋለን። አበሉም ሙሉ ይሆንልሻል።"

"ትልልቆቹ ልጆቼስ? ከዚያ በፊት እኮ ነው የወለድኳቸው።"

"አድገው የለ እንዴ! ምን ይጎድልባቸዋል?"

"እነሱማ ምንም። እኔ ምን ሆኜ ወለድኳቸው ልበል?"

"ኤዲያ! ወረቀት እኮ ነው።"

"ለጡረታ ቢሮው እውነቱን ብነግርስ?"

ሰውዬው ብድግ ብሎ በሩ መዘጋቱን ደግሞ አየ። "አብደሻል? በስድሳ ዓመቱ ጡረታ መውጣት ከነበረበት ጊዜ ወዲህ የሠራውን አራት ዓመት ይሰርዙበታል። አበልሽ ያንሳል። ደግሞስ የእሱን ፋይል ከከፈቱ በእሱ የሚያበቁ ይመስልሻል?"

ለካ ያ ሁሉ እንባ! የፈራው ለራሱ ወንበር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤቱ ሲቃጠል ውኃ ይዞ የሚሮጠው ወደ ራሱ ጣሪያ ነው።

ሚስትየዋ ደፋር አይደለችም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ሣጥኑን በርብራ የባሏን የልጅነት የትምህርት ቤት ካርድ አወጣች፤ ትክክለኛው የልደት ዓመት እዚያ ላይ ነበር። ጡረታ ቢሮ ሄዳ ካርዱን ጸሐፊዋ ፊት አስቀመጠችው።

"ልጄ፣ ባሌ ዋሽቷል። ሲሞት ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር። ይኸው።"

"እትዬ፣ አበሉ ያንስብዎታል እኮ።"

"ይነስ።"

ከኋላዋ አንዱ "ሞኝ!" አለ። አልዞረችም።

አበሉ ተፈቀደላት፤ እንደተባለውም አነሰ። መርማሪዎች ፋብሪካ ገብተው ፋይል ሲያገላብጡ ኃላፊው እውነተኛ ዕድሜው ተገኝቶበት፣ ወገቡን ይዞ በጡረታ ቤቱ ገባ። ያኔ የጎረመሱት ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ።

"እማዬ፣ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?" አለች ትንሿ ልጅ።

"አርባ ዓመት ሸሚዙን አጥቤያለሁ። ሃያውን ለዚያ ፈሪ ኃላፊ መርቄ ልስጠው?"

ይህን ብላ ወገቧን በጨርቅ ጠፍራ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ትንሿ ልጅ ትምህርቷን እስክትጨርስ ገና ሁለት ዓመት ማጠብ አለባት።