ፊቴ ሲሞላ

ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ስገባ እናቴ በር ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እሰይ! ወፈርሽልኝ፤ ፊትሽ ሞላ» አለች። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ «ቢሮ ቅቤ በጣሳ ነው እንዴ የሚያጠጧችሁ? አሁን ገና ደመወዝተኛ መሰልሽ!» ብለው ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

እኛ ጋ ወፈርሽ ማለት ደህና ነሽ፣ ተመችቶሻል ማለት ነው። እኔ ግን የሰማሁት ክኒኑ አልሠራም የሚለውን ብቻ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በተቀጠርኩበት ቢሮ ልጆቹ ሲያወሩለት ሰምቼ፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዛሁት የሚያከሳ ክኒን ነበር። ከዕፅዋት የተሠራ ነው የሚለውን ጽሑፍ በደንብ አንብቤያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። በዓሉ እስኪያልፍ ከተጻፈው መጠን በላይ ዋጥኩ።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ጫማዬ እምቢ አለኝ። ጠዋት ዓይኔን መግለጥ ይከብደኝ ጀመር፤ ሽንቴም አነሰ። ብርዱ ነው አልኩ። ሆስፒታል የሄድኩት ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ነው። ሐኪሙ እግሬን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው። የጣቱ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው» አለኝ።

የደምና የሽንት ውጤቱ ሲመጣ ምን እንደምወስድ ጠየቀኝ። ክኒኑን ከቦርሳዬ አወጣሁለት። አገላብጦ አየውና፣ «ኩላሊትሽን ጎድቶታል» አለ። እሺ አልኩት። 

እናቴ መታመሜን ሰምታ ከአንኮበር መጣች፤ እኔ ጋ ተቀመጠች። እብጠቱ ሲወርድ ፊቴ አጥንት ብቻ ሆነ፤ እሷ ግን ስለ መልኬ መናገር ፈርታ ነበር። ጨው የሌለው ሽሮ እየሠራች አብራኝ በላች። አንድ ቀን እያማሰለች፣ «እኔ እኮ ወፈርሽ ያልኩሽ ደስ ብሎኝ ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

በቀጠሮዬ ቀን ከሐኪሙ ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀችኝ። ሐኪሙ የተጎዳው የኩላሊቴ ክፍል እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ከተንከባከብኩት እንደሚያኖረኝ ነገረኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

«ምን አለሽ?»

«የቀረው ያኖርሻል አለኝ።»

«ምን ያህል ነው የቀረው?»

«አልጠየቅሁትም።»

በሩን በአገጯ አሳየችኝ። «በይ ግቢና ጠይቂ፣ የኔ እናት። ምን ያሳፍራል?»

ሌላ ታካሚ ገብቶ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ።